አንጥረኛው ቅዱስ

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ማርች 16 ቀን 2003

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ ለጋሼ ብዙነህ፤

እንደምን ከረሙ? ጾሙስ እንዴት ይዞዎታል? እኔና ባለቤቴ ሊዑል በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን። ሊዑል አሁንም ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ወገቡን አልፎ አልፎ ያመዋል እንጂ ሌላ የሚያሳስብ የለም። የእኔም ሥራ ደህና ነው። ሙዚየሙ ዴንቨር፣ ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር ነው፤ ድሮ የወርቅ ማዕድን የነበረው አንድ ሀብታም የኖረበት ቤት። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ባስ ከያዝኩ ሳልቀይር በሩ ድረስ ያደርሰኛል።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ አንድ ሥዕል ነው። በምውልበት ክፍል ግድግዳ ላይ በጣውላ ላይ የተሳለ ቅዱስ አለ። ከክንድ ትንሽ ይረዝማል። የጳጳስ ልብስ ለብሶ በቀኝ እጁ መዶሻ ይዟል። መዶሻው የአናጢ አይደለም ጋሼ፤ እንደ እርስዎ መዶሻ ነው፣ ባንድ ወገን ጠፍጣፋ፣ ባንድ ወገን ሾጠጥ ያለ። ኤሊጊዮስ ይባላል። ጳጳስ ከመሆኑ በፊት ወርቅ አንጥረኛ ነበር፤ በእነሱ አገር የአንጥረኞች ሁሉ ጠባቂ ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ከሥሩ የተጻፈው ግን አያኮራም። «የጥንት የጣሊያን ሥዕል አስመስሎ የተሠራ፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን» ይላል። ከሃምሳ ዓመት በፊት አንድ ሊቅ መጥቶ የልብሱን ቀለም አዲስ ነው ብሎ ፈርዶበታል አሉ። በሚመጣው ዓመት ሊሸጡት አስበዋል።

ባለፈው ወር ከሌላ ከተማ በውሰት የመጣ የእመቤታችን ሥዕል ከጎኑ ሰቀሉ። የእሱ ሠዓሊ ይታወቃል። ጉቾ ዲ ሳልቪ የሚባል፣ ሲየና ከምትባል የጣሊያን ከተማ የወጣ ሰው ነው፣ ከሞተ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የእመቤታችን አክሊለ ብርሃን ወርቅ ነው፤ በወርቁ ላይ በብረት ማተሚያ የተመቱ ጥቃቅን አበቦች ዞረውታል። አበባዋ ባለ ስድስት ቅጠል ናት፤ አንዷ ቅጠል ጫፏ ተሸርፏል። ዞር ብዬ የቅዱሱን አክሊል አየሁ። ያችው አበባ፣ ያው ሽርፍ።

ለማንም አልተናገርኩም። እርስዎ አጠገብ ብረት እያቀበልኩ ያደግኩ ነኝና ዓይኔ ያየውን አምናለሁ፤ ግን ብሳሳትስ? ምን ይላሉ?

የአክስቶቼን ጉልበት ይሳሙልኝ። ልጅዎ፣
እንቁ


ደሴ
ሚያዝያ 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለእንቁ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? የሊዑል ወገብስ? ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ጾሙ ተፈትቶ ይሆናልና እንኳን አብሮ አደረሰን። እኔ ደህና ነኝ። ፊደሌ ከወትሮው ስለ ገዘፈ አትገረሚ፤ እስክሪብቶው ወፍራም ነው።

የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። አንጥረኛ ቅዱስ መኖሩን ሰባ ዓመት ሲሞላኝ ሰማሁ። አንቺ ታውቂያለሽ፤ በዚህ ከተማ የእኔን መስቀል የማይሳለም የለም፤ እኔ የጠጣሁበትን ብርጭቆ ግን ለብቻ የሚያጥቡ አሉ። አንቺንም ትምህርት ቤት «የቀጥቃጭ ልጅ፣ የቡዳ ልጅ» እያሉ ስንት ቀን አስለቅሰው ልከውልኛል። የእነዚያ ሰዎች ቅዱስ መዶሻውን ሳይደብቅ መሳሉን ወድጄለታለሁ።

ወደ ነገሩ ልግባ። አበቦቹ ክቡን ተከትለው ስለሚዞሩ አንዳንዷ ቀና፣ አንዳንዷ ጋደም ብላ ትመታለች። ሽርፉ ከአበባዋ ጋር ይዞራል ወይስ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ነው? አብሮ ከዞረ ብረቱ ነው የተሸረፈው። ሁልጊዜ በአንድ ወገን ከሆነ ግን የመቺው እጅ ያዘነብላል ማለት ነው፤ እጁ የሚያዘነብል ሰው ደግሞ ብዙ ነው። ይህን አይተሽ ንገሪኝ። ፎቶም ላኪልኝ፤ ትልቅ ይሁን።

የእድራችን ዳኛ ደምሰው «ልጅህ አሜሪካ ምን ትሠራለች?» ብሎ ሰው መሃል ጠየቀኝ። «የሙዚየም ኃላፊ ናት» አልኩት። የቢሮሽ ወንበር ይመቻል?

አጎትሽ፣
ብዙነህ ተሰማ


ኦሮራ
ሜይ 18 ቀን 2003

ለውድ ጋሼ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኝ በጣም ደስ ብሎኛል። አክስቶቼ በሙሉ ደህና መሆናቸውን አልጻፉልኝም፤ ደህና ናቸው ብዬ ይዤዋለሁ።

እንዳዘዙኝ አየሁ። ሽርፉ አብሮ ይዞራል። አበባዋ ስትጋደም ስባሪዋ ቅጠል አብራት ትጋደማለች። በሁለቱም ሥዕል ላይ እንዲሁ ነው። በዕረፍቴ ቀን እንደ ጎብኚ ገብቼ ፎቶ አነሳሁና ከሱቁ ትልቅ አድርጌ አሳጠብኩ። አራቱን ልኬያለሁ፤ በስተጀርባቸው የቱ የማን እንደሆነ ጽፌበታለሁ። በቅዱሱ አክሊል ላይ ግን ብዙዎቹ አበቦች ምንም ያልተሸረፉ ይመስላሉ። በኋላ ዘመን የጠገኑት ሰዎች ሞልተዋቸው ይሆናል።

ለአቶ ደምሰው ስለ ሥራዬ የነገሩትን አንብቤዋለሁ።

ጤናዎን ይጠብቁ። እንቁ


ደሴ
ሐምሌ 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለእንቁ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እጄን ትንሽ ስላመመኝ ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን መምህርት ውድነሽ ናት። መልሱም የዘገየው ለዚሁ ነው።

ፎቶዎቹ ደርሰውኛል፤ ጥሩ ናቸው። ነገር ግን ፎቶ ጠፍጣፋ ነው፤ የብረትን ነገር አይናገርም። በጣት የሚዳሰስ ነገር ብትልኪልኝ ይሻላል። አበባዋን እንዳየሻት አድርገሽ በቀጭን መዳብ ላይ ምቺልኝ። ትችያለሽ።

ብዙነህ


ኦሮራ
ኦገስት 17 ቀን 2003

ለምወድዎት ጋሼ ብዙነህ፤

የምጽፈው ቢያስቀይምዎ ይቅር ይበሉኝ። መጀመሪያ ፊደልዎ ገዘፈ። ቀጥሎ ትልቅ ፎቶ ፈለጉ። አሁን ደግሞ በጣት የሚዳሰስ ይላሉ፤ ጽሑፉም የሰው እጅ ነው። ዓይንዎ ምን ሆነ? የታመመው እጅዎ ከሆነ በምን ሊዳስሱት ነው? ይህን መስመር መምህርት ውድነሽ ሳትዘል ታንብብልዎት፤ እህቴ ሆይ፣ አደራ።

መዳቡን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ብረት በሞረድ ከነካሁ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ሁለት ሚስማር ገዝቼ አናታቸውን በስድስት ቅጠል ቀረጽኩት፤ አንዱን ድፍን፣ አንዱን ሽርፍ። የመጀመሪያዎቹ ተበላሹ። አራተኛው ላይ እጄ እርስዎ እንዳስተማሩኝ ሆነልኝ፤ ማን እንደመራው አላውቅም። ሊዑል ከበረንዳ ድምፅ ሰምቶ መጣና «ምንድን ነው የምትቀጠቅጪው?» አለኝ። «ጌጥ ነው» አልኩት። «የምትቀጠቅጪው» ያለው ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረ። ስንጋባ አባቴ ብር ነጋዴ ነበር ነው ያልኩት።

ትንሿ ሰሌዳ የእመቤታችን ናት። በትልቋ ላይ ከቅዱሱ ቀኝ ጆሮ በላይ ያሉትን ሰባት አበቦች በተርታ፣ ልክ እንዳየኋቸው መትቻለሁ።

ሥዕሉን ለመሸጥ ወረቀቱን ጀምረዋል። ቀኑ ገና ነው ይላሉ።

እንቁ


ደሴ
መስከረም 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለእንቁ፤

አዲሱ ዓመት የጤና ያድርግልሽ። መምህርት ውድነሽ ሳትዘል አነበበችልኝ፤ አንብባም ተቆጣችኝ። እንግዲህ እውነቱን ልናገር። ግራ ዓይኔ ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው። ቀኙ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለየው። ሐኪሙ ጊዜው አልፏል ብሏል፤ ስለዚህ ለሕክምና ብለሽ አትሯሯጪ። ያልነገርኩሽ ሥራ ማቆሜን እንዳትሰሚ ብዬ ነው። መዶሻዬን ከሰቀልኩ በኋላ ለሰው የምናገረው ነገር አልነበረኝም።

ያንቺ መዳብ ሲመጣ ግን ሥራ አገኘሁ።

አሁን በደንብ አድምጪ። የእመቤታችንን ሰሌዳ ዳሰስኩ። ሁሉም ሽርፍ ነው። የቅዱሱን ዳሰስኩ። በተራ ስዳስሳቸው ሦስቱ ድፍን፣ አራቱ ሽርፍ። አንቺ ድፍኖቹን በኋላ የተሞሉ ናቸው ብለሻል። የሚጠግን ሰው እየዘለለ ያገኘውን ይሞላል እንጂ ሦስቱን በተርታ ሞልቶ አራቱን በተርታ አይተውም። ልጄ፣ ብረቱ የተሰበረው እዚያ ላይ ነው። ሰውዬው ቅዱሱን እየሠራ፣ ሦስተኛዋንና አራተኛዋን አበባ በመታበት መሃል ማተሚያው ተሸረፈበት።

በእኔም ደርሷል። ለገብርኤል የሠራሁት ትልቁ መስቀል ላይ ማተሚያዬ ሥራው መሃል ላይ ተሸርፎ በሽርፉ ጨርሼዋለሁ። ማተሚያ መቅረጽ የሳምንት ሥራ ነው፤ ያዘዘኝ ሰው ደግሞ አይጠብቅም። ከዚያ በኋላ የሠራኋቸው ሁሉ ሽርፍ ናቸው። የዚያም ሰው እመቤታችን በሙሉ ሽርፍ የሆነችው ከቅዱሱ በኋላ ስለተሠራች ነው።

አስመሳይ ቢሆን ወይ ድፍኑን ይቀዳ ነበር ወይ ሽርፉን። ብረቱ የተሰበረበትን ቀን ግን ሊቀዳ አይችልም።

ሂጂና ክቡን ሁሉ እዪው። ሰውዬው ከየት እንደጀመረ ፈልጊ። ከመጀመሪያው እስከ ቀኝ ጆሮው ድፍን፣ ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ሽርፍ ከሆነ ለአለቆችሽ ተናገሪ። አትፍሪ።

ብዙነህ


ኦሮራ
ኖቬምበር 9 ቀን 2003

ለአባቴ ለጋሼ ብዙነህ፤

እንደምን ሰነበቱ? ስለ ዓይንዎ የጻፉልኝን ባስ ውስጥ ነው ያነበብኩት። መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። ሌላውን በአካል ስንገናኝ እነግርዎታለሁ።

ልክ እንዳሉት ነው ጋሼ። አክሊሉ የሚጀምረው ከግራ ትከሻው ነው። ከዚያ ተነስቶ በራሱ ላይ ዞሮ እስከ ቀኝ ጆሮው አርባ አንድ አበባ አለ፤ አርባ አንዱም ድፍን ነው። ከዚያ እስከ ቀኝ ትከሻው ሃያ ስድስት፣ ሁሉም ሽርፍ። አንድም አልተቀላቀለም።

የሥዕሎቹ ኃላፊ ዶክተር ኤለን የምትባል ሴት ናት። ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ይዛ ሥዕሉን ልታሳይ መጣች፤ የሚገዙት ናቸው መሰለኝ። ሰዎቹ እስኪሄዱ ጠበቅኩ።

«ዶክተር ኤለን፣ ይህን ሥዕል ባትሸጡት ጥሩ ነው» አልኳት።

«ወደድሽው?» አለችኝ እየሳቀች።

«አስመስሎ የተሠራ አይደለም። ማተሚያው የተሰበረው እሱ ላይ ነው፤ እዚህ ጋ።» ጣቴን ሳላስነካ አሳየኋት።

ፈገግታዋ ቀረ። ጠጋ ብላ አየችና ዞረች። «ይህን ከየት ተማርሽ?»

ለዚህ ጥያቄ ለብዙ ዓመት የያዝኩት መልስ ነበረኝ። አባቴ ብር ነጋዴ ነበር የሚለው። አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

«ከአጎቴ ነው» አልኳት። «አጎቴ አንጥረኛ ነው። እኔም በእሱ እጅ ያደግኩ አንጥረኛ ነኝ። በአገሬ ሰው ይንቀን ነበር፤ እጃችን ግን አይሳሳትም።»

ከክፍሉ ወጥታ ሄደች። አበቃልኝ አልኩ። ግን ወዲያው ማጉያ መነጽርና መብራት ይዛ ተመለሰችና «ቁጠሪልኝ» አለችኝ። እኔ እየቆጠርኩ እሷ እያየች አርባ አንድ ላይ ስንደርስ እጇን አነሳች። «አቁሚ» አለች። «አጎትሽ ይህን ሥዕል መቼ አዩት?»

«አላዩትም። ዓይነ ስውር ናቸው። በመዳብ መትቼ ልኬላቸው ዳስሰው ነው ያገኙት።»

ከክፍሉ በር ውጭ ያለው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ሽያጩ ቆሟል። ለጣሊያን ሊቃውንት ጽፋለች፤ እንጨቱንም ይመረምሩታል።

አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ነው። እርስዎ የዓይንዎን ነገር ነግረውኛል። እኔ የሙዚየም ኃላፊ አይደለሁም። ቢሮም ወንበርም የለኝም። ጠባቂ ነኝ። ሰማያዊ ጃኬት ለብሼ ስምንት ሰዓት ቆሜ እውላለሁ፤ ሥራዬ ሰው ሥዕል እንዳይነካ መከልከል ነው። ለአቶ ደምሰው የነገሩትን ሳላርም ዝም በማለቴ ይቅር ይበሉኝ።

እንቁ


ደሴ
ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለእንቁ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ እግርሽንም ያበርታልሽ።

ኃላፊዋ ሥዕሉን ልትሸጠው ነበር። ጠባቂዋ አዳነችው። ይህን ለደምሰው በዚሁ ቃል ነገርኩት፤ ፊቱን አላየሁትም፤ ግን ሲጋራውን ሁለት ጊዜ ሲለኩስ ሰማሁት። ቢሮ ተቀምጠሽ ብትውዪ ኖሮ አበባዋን አታያትም ነበር። እኔን ያስቀየመኝ ጠባቂ መሆንሽ አይደለም፤ ያሳፍረዋል ብለሽ ማሰብሽ ነው። ለነገሩ እኔም እንዳንቺው ነው ያደረግኩት።

ለፈረንጇ አንጥረኛ ነኝ ማለትሽን መምህርት ውድነሽ ሁለት ጊዜ እንድታነብልኝ ጠየቅኳት። ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ።

ሊዑልስ ያውቃል?

አባትሽ፣
ብዙነህ


ኦሮራ
ኤፕሪል 25 ቀን 2004

ለአባቴ ለጋሼ ብዙነህ፤

ትንሣኤን በጤና እንዳከበሩ ተስፋ አለኝ። ይህን ያህል የዘገየሁት መልሱን ሙሉ አድርጌ ልልክልዎ ብዬ ነው።

እንጨቱ የጥንት ሆኖ ተገኘ። ከልብሱ አዲስ ቀለም ሥር ዋናው ቀለም አለ፤ ያንን ሊቅ ያሳሳተው ላዩ ነው። ከጣሊያን የመጣው ደብዳቤ ደግሞ ጉቾ ዲ ሳልቪ ዓመተ ምሕረት የጻፈባቸውን ሥዕሎች ተራ በተራ አየናቸው ይላል። እስከ 1432 ያሉት አበቦች ሁሉም ድፍን ናቸው፤ ከ1433 ወዲህ ሁሉም ሽርፍ ናቸው። ሁለቱም ያለበት ሥዕል ይህ ብቻ ነው። ሥዕሉ የእሱ ነው ጋሼ። ዓመቱንም አወቁት።

ለሊዑል የነገርኩት የገና ዋዜማ ላይ ነው። እስክጨርስ አዳመጠኝና «አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር?» አለኝ። «ያንተ ቤተሰቦች ምን ይሉኝ ነበር?» አልኩት። «እነሱ ይሉ ነበር» አለ። «እኔን ግን አልጠየቅሽኝም።» እውነቱን ነው፤ አልጠየቅሁትም።

ሥዕሉ በአዲስ ስሙ የተሰቀለ ቀን ሰው ጠሩ። እኔ ያን ቀን ጃኬቱን እንዳልለብስ ዶክተር ኤለን አዘዘች። ሊዑል የሠርጉን ሱፍ ለብሶ መጣ። ከቤተ ክርስቲያናችን የመጡትን ሐበሾች በር ላይ እየተቀበለ «ባለቤቴ አንጥረኛ ናት፣ ይህን ያገኘችው እሷ ናት» ይላቸው ነበር፤ አንድ በአንድ፣ ማንንም ሳይዘል። ወይዘሮ አረጋሽ ሰላምታዋን አሳጥራ ሄደች። ሌሎቹ ግን ቆዩ፤ አክሊሉን አብረውኝ ቆጠሩ። አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ጠጋ ብሎ «አባቴም ብር ይሠራ ነበር፤ ለልጆቼ ነግሬያቸው አላውቅም» አለኝና እጄን ያዘኝ፤ ቶሎም አልለቀቀኝም።

ከሥሩ ያለው አዲስ ጽሑፍ በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው። እንዲያነቡት በመዳብ ላይ መትቼ ልኬዋለሁ፤ ፊደሎቹን በጣትዎ ይከተሏቸው።

«ቅዱስ ኤሊጊዮስ። ጉቾ ዲ ሳልቪ፣ ሲየና፣ 1432 ገደማ። የሠዓሊውን ማንነት የለዩት፦ እንቁ ታደሰ፣ የሙዚየሙ ጠባቂ፣ እና ብዙነህ ተሰማ፣ አንጥረኛ፣ ደሴ፣ ኢትዮጵያ።»

ልጅዎ፣
እንቁ


ደሴ
ግንቦት 15 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለእንቁ፣ ለልጄ ለሊዑልም፤

ሁለታችሁንም አምላክ በጤና ያኑራችሁ። ሊዑልን ከዛሬ ጀምሮ በስሙ ሰላም እለዋለሁ።

መዳቡ ደርሶኛል። ብቻዬን ሳለሁ ነው የዳሰስኩት። «አንጥረኛ» የሚለው ላይ «ጥ»ን ትንሽ አጥብቀሽ መትተሻታል፤ መዳቡ በስተኋላ አብጧል። የቀረው እንከን የለውም። እኔ ከሠራሁት ይበልጣል ብል የአባት አድልዎ ይሆናል፤ ግን ይበልጣል።

በእድሩ ስብሰባ ቀን ይዤው ሄድኩ። እንደ ልማዴ በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ዳር ተቀመጥኩ። ጉዳዩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ተነስቼ «ከልጄ የመጣ ጽሑፍ አለኝ፤ ዓይን ያለው ያንብብልኝ» አልኩ። አጠገቤ ለተቀመጠው አቀበልኩት። መዳቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሰማሁት፤ መዳብ የሰው ጣት ሲነካው ድምፅ አለው። ማንም በነጠላው አልያዘውም። እየዳሰሱ ነበር የሚያቀብሉት።

ደምሰው ዘንድ ሲደርስ ቆሞ አነበበው። እዚህ አገር የእኔን ሥራ ስም ሰው ሲጠራው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሰባ ዓመት እንደዚያ ነው የሰማሁት። ደምሰው ቅዱሱን አነበበ፣ ሠዓሊውን አነበበ፣ አንቺን አነበበ። ከዚያም «ብዙነህ ተሰማ፣ አንጥረኛ» ሲል ድምፁ ከፊተኛው አልተለየም። ከኋላ ያሉት አልሰማንም አሉት። ደገመው፤ ከፍ አድርጎ።

አባትሽ፣
ብዙነህ ተሰማ፣ አንጥረኛ